«የማን ልጅ ነህ?» የጎጃም አያት ቤትና በአንድ ዕድሜ የታዩ አራት ሕጎች

ለፋሲካ ወይም ለጥምቀት ከከተማ ተነሥቶ ጎጃም ገጠር አያቱን ለመጠየቅ የሚሄድ ወጣት፣ ከመኪና ወርዶ በእግሩ ሲያዘግም መንገድ ላይ የሚያገኛቸው ሽማግሌዎች ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቁታል፦ «የማን ልጅ ነህ?» የአባቱን ስም ይናገራል። ካልታወቀለት የአያቱን ይጨምራል። ያን ጊዜ ሽማግሌው «አይ! ለካ የእንትና የልጅ ልጅ ነህ!» ብለው አገላብጠው ይስሙታል። ወጣቱም ጥያቄውን እንደ ሰላምታ ቆጥሮ መንገዱን ይቀጥላል።

ጥያቄው ግን በአመጣጡ የሕግ ጥያቄ ነው። ከሃምሳ ዓመት በፊት ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አንድ ሰው በዚያ አገር ማረስ ይችል ወይም አይችል እንደሆነ ይወስን ነበር። «የእገሌ የልጅ ልጅ ነኝ» ማለት «እዚህ መሬት ላይ ድርሻ አለኝ» ማለት ነበር። ዛሬ ያው መልስ የክብር መቀመጫ፣ ጠላና ዶሮ ወጥ ያስገኛል፤ መሬት ግን አያስገኝም። የልጅ ልጅ ከባለ መብትነት ወደ እንግድነት የተሸጋገረው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነው። የሰሜኑን የመሬት ፖለቲካ መረዳት የሚፈልግ ሰው ይህን ሽግግር ቢከተል ከብዙ የፓርላማ ክርክር የበለጠ ያተርፋል።

ርስት ምን ነበር?

ዛሬ «ርስት» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የታጠረ የግል ይዞታ ነው። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎና በሰሜን ሸዋ የነበረው ርስት ግን ከዚያ የተለየ ነበር። አገሩን መጀመሪያ ያቀናው ሰው «አቅኚ አባት» ይባላል። ከእርሱ የሚወለዱ ሁሉ፣ በወንድም ይሁን በሴት መስመር፣ ከመሬቱ ድርሻ የመጠየቅ መብት ነበራቸው። ስለዚህ አንድ ሰው በአባቱ አባት በኩል ብቻ ሳይሆን በእናቱ እናትም በኩል ርስት ይቆጥር ነበር። አራት አያቶች አሉት፤ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት፤ በእያንዳንዳቸው በኩል የሚደርስበት አቅኚ አባት ሊኖር ይችላል።

በ1950ዎቹ ደጋ ዳሞት ውስጥ ተቀምጦ ይህን ሥርዓት ያጠናው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አላን ሆበን፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው መጽሐፍ እስካሁን የጉዳዩ ዋና ማጣቀሻ ነው። ከጥናቱ የሚወጣው ቁም ነገር፣ መብቱ ከመሬቱ እጅግ ይሰፋ እንደነበር ነው። ሁሉም ሰው ሊያርሰው ከሚችለው በላይ ብዙ ቦታ የመጠየቅ መብት ነበረው። ስለዚህ ማን ምን ያህል እንደሚይዝ የሚወስነው የዘር ሐረጉ ብቻ አልነበረም። አንደበት ያለው፣ ዘመድ ያለው፣ ሹመት የቀመሰ፣ ለሙግት የሚያወጣው ገንዘብ ያላጣ ሰው መብቱን ወደ ማሳ ይለውጠዋል። ጭምቱና ድሃው ድርሻውን በስም ብቻ ይዞ ይቀራል።

ከርስት ጎን «ጉልት» ነበር። ጉልት ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመኳንንት ወይም ለሹም የሚሰጥ የግብር መብት ነው። ባለ ጉልቱ ከገበሬው አሥራትና ግብር ይቀበላል፤ ገበሬውን ከርስቱ መንቀል ግን ሥልጣኑ አይደለም። በብዙው የደቡብ ክፍል ገበሬው የሌላ ሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ ሲኖር፣ የጎጃሙ ገበሬ ግን በድህነቱም ውስጥ ሆኖ «ባለ ርስት ነኝ» ይል የነበረው ለዚህ ነው።

የአያት ቤት እንደ መዝገብ ቤት

ይህ ሁሉ መብት የተጻፈበት ሰነድ አልነበረም ማለት ይቻላል። የተቀመጠው በሽማግሌዎች አእምሮ ውስጥ ነው። የትኛው ማሳ በእናት በኩል መጣ? የትኛው በአባት? ድንበሩ ሾላው ነው ወይስ ወንዙ? የአጎት ልጅ ሲሞት ድርሻው ወደ ማን ዞረ? መልሱ ያለው ምድጃ ዳር ከሚቀመጡት አያት ዘንድ ነበር።

የልጅ ልጅ ወደ አያቱ ቤት ሲላክ እረኝነት፣ ምርቃትና ተረት ብቻ አልነበረም የሚጠብቀው። አባት መቁጠር ይማራል። ሰባት ቤት ድረስ መቁጠር ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ይጠቅማል፤ ያው ቆጠራ ሙግት ሲመጣ ማስረጃ ይሆናል። አንድ እውቀት ለጋብቻም ለእርሻም ያገለግል ነበር። ቆጠራውን የረሳ ልጅ ማንነቱን ብቻ ሳይሆን እንጀራውንም ሊያጣ ይችል ነበር።

ይህን ዘመን እንደ ወርቃማ ዘመን መሳል ግን ልክ አይሆንም። «በርስትና በሚስት ቀልድ የለም» የሚለው አባባል በከንቱ አልተፈጠረም፤ የርስት ሙግት ትውልድ የሚሻገር፣ ደም የሚያፋስስና ከብት የሚያስሸጥ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከቆጠራው ውጪ የተተዉ ሰዎች ነበሩ። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ፣ በብዙ አካባቢ ሙስሊሙ፣ በጎንደር በኩል ቤተ እስራኤላውያን፣ ለብዙ ዘመን በኖሩበት አገር ርስት አልነበራቸውም። «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ለአንዱ በር ሲከፍት በሌላው ላይ በር ይዘጋ ነበር።

ልኬት የሚፈራው ገበሬ

በ1930 ዓ.ም. አካባቢ የተወለዱ አንድ የጎጃም ገበሬን እናስብ። ዛሬ በሕይወት ካሉ ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ናቸው። አሁን ከከተማ የሚሄደው ትውልድ «አያቴ» የሚላቸው ሰው ማለት ናቸው።

እኚህ ሰው ሠላሳ ዓመት ሲሆናቸው መንግሥት በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። ገማቾች ወደ ገጠር ወረዱ። ግብሩ በራሱ ቀላል አልነበረም፤ ይበልጥ ያስፈራው ግን ግምቱ ነው። ገበሬው «መሬቴን ዛሬ የለካ ነገ ርስቴን ይነጥቀኛል» ብሎ አሰበ። ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት አካባቢ ገበሬዎች ገማቾችን አናስገባም አሉ፤ ነገሩ ወደ መሣሪያ ዞረ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን አሰማራ። በመጨረሻ ግን ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከቦታው ተነሡ፤ ውዝፍ ግብሩም ተማረ። የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ ይህን አመጽ በትግራይና በባሌ ከተነሡት ጋር አነጻጽሮ ጽፎታል። የጎጃሙ አመጽ ልዩ የሚያደርገው ገበሬው አዲስ ነገር አለመጠየቁ ነው። ያለውን ላለማጣት ነው የተነሣው።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ላይ ተማሪው «መሬት ላራሹ» እያለ ሰልፍ ይወጣ ነበር። መፈክሩ ለጭሰኛው ነፃነት ነበር። ለጎጃሙ ባለ ርስት ግን ግራ የሚያጋባ ነገር ነበረው፤ አራሹም ባለ መሬቱም እርሱ ራሱ ነኝ ብሎ ያምን ነበርና።

የካቲት 1967

እኚያ ገበሬ ሠላሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ የሚያደርገውን አዋጅ ቁጥር 31 አወጀ። መሬት መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝና ማከራየት ተከለከለ። ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሸፍን አካባቢ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ታዘዘ። በዕድገት በኅብረት ዘመቻ የወጡት ተማሪዎች አዋጁን ይዘው ገጠር ገቡ።

ለደቡቡ ጭሰኛ ይህ ቀን የነፃነት ቀን ነበር፤ ያንን ማንም ሊያሳንሰው አይችልም። ርስት ባለበት አገር ግን አዋጁ የሠራው ሌላ ነገር ነው። ገበሬው በዚያ ቀን የሚያርሰውን ይዞ እንዲቀጥል ፈቀደለት፤ በዘር ሐረግ ድርሻ መጠየቅ ግን አከተመ። ከዚያ በኋላ መሬት የሚሰጠው የገበሬ ማኅበሩ ነው። ስምንት ቅድመ አያት የቆጠረ ሰው ከማይቆጥረው ጎረቤቱ እኩል ሆነ። ሸማኔውም፣ ሙስሊሙም፣ መጤውም እንደ ማንኛውም ነዋሪ መሬት የመጠየቅ መብት አገኙ። በአንድ አዋጅ ፍትሕ መጣ፤ በዚያው አዋጅ የአያት እውቀት ዋጋውን አጣ።

ቤቱስ? ቤቱም አልቀረለትም። ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ የመንደር ምሥረታ ሲታወጅ ጎጃምም ውስጥ ገበሬው ከማሳው ዳር ቤቱን አፍርሶ፣ ምሰሶና ማገሩን ተሸክሞ፣ በቀጥታ መስመር በተቀየሰ መንደር እንዲሰፍር ተደረገ። ጓሮው፣ ጌሾው፣ በረቱ፣ የጥላ ዛፉ እዚያው ቀረ። የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ብዙው ገበሬ ማንንም ሳያስፈቅድ ምሰሶውን ነቅሎ ወደ ቀድሞ ቀዬው ተመለሰ። ስለዚህ ዛሬ የልጅ ልጅ «የድሮው ቤት» ብሎ ፎቶ የሚያነሳው ቤት፣ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ፈርሶ ሁለት ጊዜ የቆመ ቤት ነው። ጥንታዊው ቦታው እንጂ ግድግዳው አይደለም።

የ1989 ሽግሽግ

እኚያ ገበሬ ስድሳ ሊሞላቸው አንድ ዓመት ሲቀራቸው ሦስተኛው ሕግ መጣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ካለ በኋላ፣ የአማራ ክልል በአዋጅ ቁጥር 16/1989 የመሬት ሽግሽግ አካሄደ። ሽግሽጉ በዋናነት ያረፈው ጎጃምን ጨምሮ በኢሕአዴግ ዘመን ገና ባልተደለደሉት አካባቢዎች ላይ ነው።

ገበሬው በመደብ ተከፈለ። በንጉሡ ዘመን ሹመት የነበረው «የፊውዳል ቅሪት»፣ በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሥልጣን ይዞ የነበረው «ቢሮክራት» ተባለ። እነዚህ ከአንድ ሄክታር ማለትም ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዙ ተደረገ፤ ለሌላው ጣሪያው ሦስት ሄክታር ነበር። ለአንድ ዓመት ሊቀ መንበር ሆኖ የተመረጠ ገበሬም፣ ለዓመታት ኮታ ሲሰበስብ የኖረም፣ በአንድ ቃል ተጠርቶ ማሳው ተቆረሰ። የተቆረሰው መሬት መሬት ለሌላቸው ወጣቶችና ሴቶች ተሰጠ።

እዚህም ላይ ሁለት እውነት አለ። መሬት ያልነበራቸው ብዙ ሰዎች በዚያ ዓመት ገበሬ ሆኑ፤ በራሳቸው ስም ድርሻ ያገኙ ሴቶችም ነበሩ። በሌላ በኩል ገበሬው ለመንግሥት ሥራ መመረጥ ኋላ ዋጋ እንደሚያስከፍል ተማረ። የልጅ ልጆች ሲሄዱ «ከዚያኛው ቤት ጋር ለምን አንነጋገርም?» ብለው ጠይቀው መልስ የማያገኙበት ምክንያት አንዳንዴ ከዚህ ዓመት ይመነጫል። አንዱ ያጣውን ጎረቤቱ ነው ያገኘው።

አረንጓዴው ደብተር

ከዚያ በኋላ በክልሉ እንዲህ ያለ ሰፊ ሽግሽግ አልተደገመም። በምትኩ ምዝገባ መጣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጀመረው የይዞታ ማረጋገጫ በአዋጅ ቁጥር 133/1998 ተጠናከረ። የተጠቃሚነት መብቱ የጊዜ ገደብ የለውም፤ ለልጆች ሊተላለፍ ይችላል፤ ለተወሰነ ጊዜ ማከራየት ተፈቀደ። ገበሬው አረንጓዴ ሽፋን ያለው ደብተር ተሰጠው። ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ ተለጠፈ። ለብዙ ሴት አያቶች ፊታቸው በመንግሥት ሰነድ ላይ የታየው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ፍቺም ሆነ ሞት ቢመጣ ያለ እነርሱ ፊርማ መሬቱ እንደማይነቃነቅ ያረጋገጠላቸውም ይኸው ፎቶ ነው።

አስገራሚው ነገር ይህ ነው። በ1960 ገማች አናስገባም ብሎ ጠብመንጃ ያነሣው ትውልድ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ለለኪው ገመድ ይዞለት ቆመ። ልኬት ያኔ የመነጠቅ ምልክት ነበር፤ አሁን የዋስትና ምልክት ሆነ። ሰነድን ጠላት ያደረገውም ወዳጅ ያደረገውም ያው ፍርሃት ነው፤ ቀዬን የማጣት ፍርሃት።

ለማን ነው ዋስትናው?

ደብተሩ የአያትን ጭንቀት አቃሏል። የልጅ ልጅን ጥያቄ ግን አልመለሰም። ሽግሽጉ በ1989 ቆመ ማለት በዚያ ዓመት ሕፃን የነበረ ወይም ገና ያልተወለደ ሁሉ ከመንግሥት እጅ መሬት የማግኘት ዕድሉ ተዘጋ ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ ገበሬ ያለ ክፍያ መሬት የማግኘት መብት አለው ይላል፤ የሚሰጠው መሬት ግን የለም። በዚያ ዓመት የተወለደው ዛሬ ሃያዎቹን ሊጨርስ የተቃረበ፣ ያገባና የወለደ ሰው ነው።

ይህ ሰው ምን ያደርጋል? አንዱ የአያቱን ማሳ የእኩል ያርሳል። አያት ጉልበት የላቸውም፣ መሬት አላቸው፤ እርሱ ጉልበት አለው፣ መሬት የለውም። የቀድሞው ሕግ «ባለ ርስት» ይለው የነበረው ልጅ የገዛ አያቱ አራሽ ሆኖ ምርቱን ይካፈላል። ሌላው በሰሊጥ አጨዳ ወራት ወደ መተማ ይወርዳል። ሌላዋ አረብ አገር ትሄዳለች፤ የምትልከው ገንዘብ የሣር ክዳኑን በቆርቆሮ ይለውጠዋል። የቀረው ከተማ ገብቶ ለበዓል እንግዳ ሆኖ ይመለሳል።

አያት ሲያርፉ ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል። አራት ጥማድ ለስድስት ልጅ አይከፈልም። ሕጉ ለውርስ ቅድሚያ የሚሰጠው በግብርና ለሚኖር ወይም ሊኖር ለሚፈልግ ሰው ነው፤ ምክንያቱ የሚገባ ነው፣ መሬቱ ከሚያርሰው እጅ እንዳይወጣ ነው። ነገር ግን ከተማ የገባው ልጅ እና ቀዬ የቀረው ልጅ ቤተሰቡ ሳይነጋገር ከቀረ፣ በደብተሩ ሰበብ የሚነሣው ክስ ከድሮው የርስት ሙግት የሚለየው በወረቀቱ ብቻ ይሆናል።

በመሬት ጉዳይ ላይ የሚከራከሩት ሁለቱ ወገኖች እዚህ ላይ ሁለቱም ይስታሉ። «መሬት ይሸጥ ይለወጥ» የሚለው ወገን ገበሬው ነፃ ይወጣል ይላል። «መሬት የመንግሥት ሆኖ ይቆይ» የሚለው ወገን ገበሬው ከመፈናቀል ይድናል ይላል። ሁለቱም «ገበሬው» ሲሉ አንድ ሰው አድርገው ነው የሚያስቡት። የአያት ቤት ውስጥ ያሉት ግን ሦስት ትውልድ ናቸው። አያትን የሚጠብቀው ሕግ የልጅ ልጅን ውጪ ያስቀራል። ለልጅ ልጅ እንደገና እናካፍል ቢባል አያት ይነጠቃሉ። መሸጥ ቢፈቀድ ደግሞ አንድ ክፉ ዓመት የሦስቱንም ድርሻ ሊወስደው ይችላል። የይዞታ መብትን አስይዞ መበደርን የፈቀደው የ2016ቱ የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 1324 እንኳ የሚጠቅመው ደብተር በእጁ ላለው ነው። መሬት የማይደርሰው ትውልድ በገጠሩ ውስጥ ሌላ መተዳደሪያ ካላገኘ፣ የትኛውም የባለቤትነት ቀመር ብቻውን አይፈታውም።

ጊዜው እያለ

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ አያት መጠየቅ ራሱ ከባድ ሆኗል። መንገድ ይዘጋል፣ ስልክ ይቋረጣል፤ ለብዙ ቤተሰብ ሁለትና ሦስት ፋሲካ ያለ ጉብኝት አልፏል። በ1930 አካባቢ የተወለደው ትውልድ ግን መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም። ከእርሱ ጋር የሚቀበረው አራቱንም ሕግ በአንድ ማሳ ላይ ያየ የመጨረሻው ምስክር ነው።

ስለዚህ መንገዱ ሲፈቅድ ወደ አያቱ የሚሄድ ሰው ከስኳሩ፣ ከቡናውና ከጋቢው ጋር ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዝ። አባት ቆጠራውን በእናትም በአባትም በኩል ይጻፈው። የማሳዎቹን ስም፣ ከማን እንደመጡ፣ በ1967 ምን እንደሆኑ፣ በ1989 ለማን እንደተቆረሱ ይጠይቅ። ደብተሩ የት እንደተቀመጠ፣ በማን ስም እንደሆነ፣ ኑዛዜ እንዳለ ይወቅ። ቀዬ የቀረው የአጎቱ ልጅ ባለበት፣ አያት በሙሉ አእምሮአቸው ሳሉ፣ ማን እንደሚያርስና ማን እንደሚጦር ይነጋገሩ። መሬት የሌለው ዘመዱ ፊት «ድርሻዬ» ከማለቱ በፊትም ሁለት ጊዜ ያስብ። ይህ ወግ ማስጠበቅ ብቻ አይደለም፤ ከቀብር ማግሥት ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ከመሮጥ የሚያድን ሥራ ነው።